ወደ በርሊን ለምትመጣው የአክስቴ ልጅ፣ ለሌሎቻችሁም

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ፣ ቪዛዋ ወጥቶላታል፣ ስራ ያገኘችውም እዚሁ በርሊን ነው። እልል ተባብለን ሲያበቃ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ምን ምን ልያዝ?" ነበር። በርበሬ ያዢ፣ ሽሮ ያዢ፣ ቡና ያዢ፣ ጃኬት ከዚህ ትገዣለሽ አልኳትና ስልኩ ተዘጋ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔም የዛሬ ሶስት አመት ስመጣ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው፣ የተመለሰልኝም ይኸው ነው፣ ሻንጣዬም ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት ያንገላታኝ ነገር ግን አንዱም ሻንጣ ውስጥ የሚገባ አልነበረም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ለሷ መጻፍ ጀመርኩ፣ እየጻፍኩ ደግሞ ለሌላም ይሆናል አልኩ። እንደኔ ብቻችሁን፣ ዘመድ በሌለበት፣ ለስራ ወደ ትልቅ የሰው አገር ከተማ የምትሄዱ ካላችሁ ለናንተም ነው።

እኔ የደረስኩት ኦክቶበር 2022 ነው፣ ቅዳሜ ማታ። ኖይኮልን በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ለጊዜው ተከራይቼ ነበር። በጣም ደክሞኝ ስለነበር ነገ ጠዋት የምበላውን እገዛለሁ ብዬ ተኛሁ። እሁድ ጠዋት ወጣሁ፣ ሱፐርማርኬቱ ዝግ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ዝግ፣ አስራ አምስት ደቂቃ ተጉዤ ያገኘሁት ሶስተኛውም ዝግ፣ መንገዱ ጭር ብሏል። የሆነ ነገር የተፈጠረ ነው የመሰለኝ፣ ልቤ ደነገጠ። ለካ ጀርመን አገር እሁድ ሱቅ አይከፈትም፣ በሕግ ነው። የዛን ቀን የበላሁት እማዬ አልፈልግም እያልኳት ሻንጣዬ ጥግ የወተፈችልኝን ቆሎ ነው፣ በውሃ። እሱን እየቆረጠምኩ ስልክ ደውላ "በላሽ ወይ?" ስትለኝ "አዎ ጠግቤያለሁ" አልኳት። ለእማዬ ከዛ በኋላ ብዙ ጊዜ ዋሽቻታለሁ፣ የመጀመሪያው ግን ያ ነው። እና ቅዳሜ ማታ የምትደርሱ ከሆነ ይሄን ያዙ፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ ሃውፕትባንሆፍ ውስጥ ያሉት ሱፐርማርኬቶች እሁድም ክፍት ናቸው፣ ሽፔቲ የሚባሉ እንደኛ የሰፈር ሱቅ ያሉ ትናንሽ ኪዮስኮችም ብዙዎቹ እሁድ አይዘጉም፣ ውሃም ብስኩትም ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ፣ የፖስታ ሳጥን። አዎ የፖስታ ሳጥን። በርሊን ውስጥ አፓርታማዎች የቤት ቁጥር የላቸውም፣ ማለቴ አንድ ሕንጻ ውስጥ ሰላሳ ቤት ቢኖር አድራሻው ለሁሉም አንድ ነው፣ የመንገዱ ስምና የሕንጻው ቁጥር። ከዛ በኋላ ፖስተኛው የሚያውቃችሁ በስማችሁ ብቻ ነው። ስማችሁ የፖስታ ሳጥኑ ላይና የበሩ ደወል ላይ ካልተለጠፈ ደብዳቤው ወደ ላከው ሰው ይመለሳል፣ በቃ፣ ማንም አይጠይቅላችሁም። እዚህ አገር ደግሞ ነገር ሁሉ በደብዳቤ ነው የሚመጣው፣ የባንክ ካርድ በደብዳቤ፣ የካርዱ ሚስጥር ቁጥር በሌላ ደብዳቤ፣ የጤና መድን ካርድ በደብዳቤ፣ የግብር ቁጥር በደብዳቤ። እኔ ይሄን ሳላውቅ የባንክ ካርዴ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ባዶ ሳጥን በየቀኑ እየከፈትኩ አገሩ ነው የረሳኝ እላለሁ።

የትኛው ስም ነው የሚለጠፈው ካላችሁ፣ ፓስፖርታችሁ ላይ እንደተጻፈው ሙሉውን ለጥፉ። እነሱ ዘንድ የቤተሰብ ስም ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ለነሱ እኔ ማለት አባቴ ነኝ። ሐኪም ቤት ተራ ይዤ ተቀምጬ "ፍራው"፣ ወይዘሮ እንደማለት፣ ብለው የአባቴን ስም ሲጠሩ፣ አባቴ አብሮኝ የመጣ ያህል ዞር ብዬ አይቼ ዝም አልኩ፣ ሁለተኛ ሲጠሩ ነው የገባኝ። አሁን ለመድኩት፣ እንደውም አባቴን ካጣሁት ስለቆየ ስሙን በየቦታው ሲጠሩት መስማት ደስ ይለኛል።

ከፖስታ ሳጥኑ ጋር የተያያዘው ሌላው ነገር አንሜልዱንግ የሚሉት ነው፣ የነዋሪነት ምዝገባ፣ እንደኛ ቀበሌ መመዝገብ በሉት። ቤት ከገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለባችሁ፣ ለዛም ቤት ያከራያችሁ ሰው ፈርሞ የሚሰጣችሁ አንድ ወረቀት ያስፈልጋል። እኔ የተከራየሁበት ቤት አከራይ ወረቀቱን አልሰጥም አለኝ። እዚህ ከተማ በጣም የተለመደ ነገር ነው፣ ማስታወቂያው ላይ ራሱ "ያለ አንሜልዱንግ" ብለው ይጽፋሉ፣ እኔ ግን ቃሉን አላውቀው፣ አልፌው ነው የፈረምኩት። ምዝገባ ከሌለ የግብር ቁጥር አይመጣም፣ የግብር ቁጥር ከሌለ ደግሞ መስሪያ ቤታችሁ ከፍተኛውን ግብር፣ ስድስተኛ ክፍል የሚሉትን እየቆረጠ ነው የሚከፍላችሁ። የመጀመሪያ ደሞዜ ሲገባ ስልኬ ላይ አይቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። ገንዘቡ በኋላ ቁጥሩ ሲመጣ ይመለሳል፣ ተመልሶልኛልም፣ ያን ቀን ግን ይሄን የነገረኝ አልነበረም። ስለዚህ ቤት ስታዩ ከዋጋው በፊት "እዚህ መመዝገብ እችላለሁ ወይ?" በሉ። ቀጠሮው ለማግኘት ይከብዳል፣ ግን በርሊን ውስጥ የትኛውም የክፍለ ከተማ ቢሮ፣ ቢርገርአምት የሚሉት ጋ መሄድ ይቻላል፣ የግድ የሰፈራችሁ መሆን የለበትም፣ ጠዋት በማለዳ ድረገጹን ደጋግማችሁ ብትከፍቱ ሰው የሰረዘው ቀጠሮ ብቅ ይላል፣ እኔ እንደዛ ነው ያገኘሁት።

ስለ ቤት ይሄን ታህል ልጨምር። ኪራይ ሲነግሯችሁ ካልት ነው ዋርም ብላችሁ ጠይቁ፣ ካልት ማለት ቀዝቃዛው ባዶ ኪራይ ነው፣ ዋርም ማለት ሙቁ የማሞቂያና የውሃውን የጨመረ ነው፣ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። መያዣ ከሶስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ በላይ መጠየቅ በሕግ አይቻልም። ቤቱን ሳታዩ አንድ ሰው "ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ፣ አስቀድመሽ ብር አስገቢ" ካላችሁ ሌባ ነው፣ መልስም አትስጡ። እና ደግሞ አንዳንድ ቤት ኩሽና የለውም፣ ኩሽና የሚባል ክፍል አለ፣ ምድጃው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የእቃ ማጠቢያው ሳህን ግን የለም፣ የፊተኛው ተከራይ ነቅሎት ሄዷል፣ አንዳንዴ አምፖሉን ሳይቀር። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሁለት ዓይን ያላት የኤሌክትሪክ ስቶቭ መሬት ላይ አስቀምጬ ነው የሰራሁት።

ሰዓት። ይሄንን በደንብ አንብቢው የአክስቴ ልጅ። ስልክሽ ላይ ያለውን ሰዓትና አፍሽ ላይ ያለውን ሰዓት አንድ አድርጊ፣ ቢያንስ ለቀጠሮ። ሁለት ሰዓት ብለሽ ካሰብሽው ጠዋት ይሁን ከሰዓት ራስሽ ትደናገሪያለሽ። ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነትም በዊንተር ሁለት ሰዓት ነው በሰመር አንድ ሰዓት፣ በማርች የመጨረሻ እሁድና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ሰዓቱን ይቀይሩታል፣ እማዬ እስከዛሬ "እንዴት ሰዓት ይቀየራል?" ትላለች። እኔን የጎዳኝ ግን ሌላ ነው። ጀርመኖች "ሃልብ ድራይ" ይላሉ፣ ድራይ ሶስት ነው፣ ሃልብ ግማሽ፣ እኔ ሶስት ተኩል ብዬ ተረጎምኩት። እነሱ ግን ሶስት ሊሞላ ግማሽ የቀረው ማለታቸው ነው፣ ሁለት ተኩል! ቤት ለማየት ተቀጥሬ አንድ ሰዓት አርፍጄ ደረስኩ፣ ቤቱ ሄዷል። እዚህ አገር አስር ደቂቃ ካረፈዳችሁ ደውላችሁ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ፣ አንድ ሰዓት ካረፈዳችሁ አልመጣችሁም ማለት ነው።

ከዛ ጨለማው መጣ። እኛ ክረምት ስንል ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ግን ቀኑ ቀን ነው፣ ማታውም በሰዓቱ ነው የሚመጣው። ሰዎች ስለ በርሊን ሲነግሩኝ ብርድ ብርድ ሲሉ ነበር፣ ብርዱ እኮ ልብስ ይበቃዋል። ጨለማው ነው። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው፣ የምትጠልቀው ደግሞ 4 ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ አስር ሰዓት በፊት ማለት ነው። በዛ መሃልም ደመና ስለሆነ ፀሐይን አታዩዋትም። በጨለማ ቢሮ ገብታችሁ በጨለማ ትወጣላችሁ። እኔ የመጣሁበት ዓመት ደግሞ የዩክሬን ጦርነት የጋዝ ዋጋ የሰቀለበት ነበርና ከተማው መብራት ይቆጥብ ነበር፣ የታወቁት ሕንጻዎችና ሐውልቶች ማታ ማታ ይበሩ የነበሩት ጠፍተው ነበር፣ ቢሯችንም 19 ዲግሪ ላይ ነበር የሚሞቀው፣ ጃኬቴን ሳላወልቅ ነው የምሰራው። እኔ ከተማው ሁሌም እንደዚህ ይመስለኝ ነበር።

ጃንዋሪ አካባቢ ከስራ መጥቼ በኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ላይ መተኛት ጀመርኩ። ቅዳሜ ከአልጋ የምወርደው ከሰዓት ነው። ምግብ አልፈልግም፣ ጸጉሬን አልሰራም፣ ከእማዬ ጋር ቪዲዮ ሲሆን ካሜራው ተበላሽቷል እላለሁ። ስንፍና ነው ብዬ ራሴን እቆጣ ነበር፣ አይደለም፣ ስሙኝ፣ ስንፍና አይደለም። በኋላ የሄድኩባት ሐኪም ደሜን አስመርምራ ቫይታሚን ዲ በጣም ወርዷል አለችኝ፣ የኛ ዓይነት ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው እንደዚህ ፀሐይ በሌለበት አገር በዊንተር ቶሎ ይጎድልበታል። ሁሉም ነገር በሱ ነው የመጣው ማለቴ አይደለም፣ ግን አስመርምሩ፣ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ፣ መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ። ለዛ ደግሞ ሃውስአርትስት የሚሉትን የሰፈር ሐኪም ገና ጤነኛ ሳላችሁ ፈልጉ፣ ከታመሙ በኋላ አዲስ በሽተኛ አንቀበልም የሚሉ ብዙ ናቸው። ማታ ወይ እሁድ ከታመማችሁና ለሞት የሚያሰጋ ካልሆነ 116117 ደውሉ፣ ለአስቸኳይ አምቡላንስና እሳት 112፣ ፖሊስ 110። እና ጨለማው ልባችሁ ውስጥ ከገባ ለሐኪሙ በግልጽ ተናገሩ፣ እኛ ሆዴን ነው ራሴን ነው ብለን እንሸፋፍነዋለን፣ እዚህ ግን በየቀኑ የሚሰሙት ነገር ነው፣ ማንም አይደነቅም።

አሁን ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር ጋ ደረስኩ። እዚህ አገር በር የሚያንኳኳ የለም።

አዲስ አበባ እኔ ባደግኩበት ግቢ ሁለት ቀን ሳትታዪ ከቀረሽ "ኧረ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሳይጠራ አይጠጣም። ሰው ካልፈለግሽ ነው የምትለፊው፣ ሰው ለማግኘት ግን ምንም አትለፊም፣ ይመጣልሻል። እኔ ያንን ይዤ መጣሁና ቤቴ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። የስራ ባልደረቦቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ፈገግ ይላሉ፣ አርብ ላይ "መልካም ዊክኤንድ" ይሉኛል፣ ሰኞ "ዊክኤንድ እንዴት ነበር?" ይሉኛል፣ በመሃሉ ማንም አይደውልም። አራት ወር ሙሉ አንድ ሰው "ነይ" እስኪለኝ ጠበቅኩ። ማንም አላለኝም። አልተፈለግኩም ብዬ ደመደምኩ።

ፌብሩዋሪ ላይ አንድ እሁድ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያመጣሁትን ጥሬ ቡና አወጣሁ። እስከዛ ቀን አንዴም አልቆላሁም፣ ለማን እቆላለሁ ብዬ። መጥበሻ ላይ አድርጌ መቁላት ስጀምር ሽታው ቤቱን ሞላው፣ ዓይኔም ሞላ፣ ጭሱም ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ጋ ደረሰ። በርሊን ውስጥ በየቤቱ የጭስ ማስጠንቀቂያ መኖር ግዴታ ነው፣ ድምጹ ደግሞ ጆሮ ይበጥሳል። ወንበር የለኝም፣ አልደርስበትም፣ በፎጣ አራግባለሁ፣ እሱ ይጮሃል። በሩ ተንኳኳ። ከታች ፎቅ ያሉ አሮጊት ናቸው፣ ሰባ አመት ያልፋቸዋል፣ በነጠላ ጫማ፣ በእጃቸው መጥረጊያ ይዘዋል። "እሳት ነው?" ይሉኛል፣ እኔ "ካፌ! ካፌ!" እላለሁ መጥበሻውን እያሳየሁ፣ ሌላ ጀርመንኛ አልመጣልኝም። ገቡና በመጥረጊያው እጀታ ማስጠንቀቂያውን ተጭነው አጠፉት፣ መስኮቱን ከፈቱ፣ ሊወጡ ሲሉ ነው "ይቀመጡ" ያልኳቸው። ለምን እንደደፈርኩ አላውቅም። መሬት ላይ ፍራሽ ላይ ተቀመጡ።

ሶስቱንም ጠጡ፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም። ሁለተኛው ሲቀዳ ሊነሱ ነበር፣ በእጄ ሶስት ጣት አሳየኋቸው፣ ተመልሰው ተቀመጡ። በስልኬ ተርጓሚ እያወራን ነው፣ እና ምን አሉኝ መሰላችሁ፣ "ከመጣሽ ጀምሮ እግርሽን ከላይ እሰማዋለሁ፣ ብቻዋን ናት እላለሁ፣ ግን መረበሽ የምትፈልጊ አልመሰለኝም።" እኔ ከላይ ማንም አልፈለገኝም ብዬ ተኝቻለሁ፣ እሳቸው ከታች አልረብሻትም ብለው ተቀምጠዋል። ለነሱ ሰውን አለመንካት ማክበር ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ አለመንካት መርሳት ነው። ይሄንን የተረዳሁ ቀን ብዙ ነገር ከላዬ ላይ ወረደ።

ከዛ በኋላ የመጀመሪያዋ ጠያቂ እኔ ሆንኩ። ሰኞ ቢሮ ገብቼ "ቅዳሜ ቡና እቆላለሁ፣ ትመጣላችሁ?" አልኳቸው፣ አምስት ሰው ነበር የጠራሁት፣ አራቱ መጡ፣ አምስተኛውም የሳምንቱን ልምጣ ወይ አለ። ቀኑን ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢሆን ይመረጣል፣ "አንድ ቀን ብቅ በሉ" የሚል ግብዣ እዚህ ግብዣ አይደለም፣ ቀንና ሰዓት ይፈልጋል፣ ለጓደኛም ተርሚን፣ ቀጠሮ ማለት፣ ነው። መጀመሪያ ይቀፋል። እኔ አሁን ይሄን እንዳይረሱኝ መፈለጋቸው ነው ብዬ ነው የምወስደው፣ ሰው ቀን ቆርጦ ካላንደሩ ላይ ስምሽን ከጻፈ ይመጣል።

በነገራችን ላይ ቤቱንም ያገኘሁት በመጠየቅ ነው። የኖይኮልኑ ክፍል ጊዜው ሲያልቅ፣ ኖቬምበር ላይ፣ በድረገጽ ከስልሳ በላይ ማመልከቻ ልኬ መልስ የሰጠኝ ሶስት ሰው ነው። ምሳ ላይ አንዷ ባልደረባዬ "ቤት አገኘሽ?" ስትለኝ አይ አላገኘሁም፣ እባክሽ ለምታውቂው ሰው ሁሉ ንገሪልኝ አልኳት፣ አፌ ላይ እየከበደኝ። የጓደኛዋ ጓደኛ ከዌዲንግ ሰፈር ልትለቅ ነበር፣ በቦታዋ እኔን ለአከራዩ አቀረበችኝ። አሁንም እዛው ነኝ፣ አሮጊቷም እታች አሉ። ሐሙስ ሐሙስ ደብዳቤዎቼን ይዤ እወርዳለሁ፣ ያነቡልኛል፣ የቱ ቶሎ መልስ እንደሚፈልግ፣ የቱ የሚጣል ማስታወቂያ እንደሆነ ለይተው ይሰጡኛል። ከነዛ ውስጥ አንዱ እናንተም ጋ መምጣቱ አይቀርም፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ፣ በወር 18.36 ዩሮ፣ ቴሌቪዥን የለኝም ብትሉም ይከፈላል፣ ግን በሰው ሳይሆን በቤት ነው፣ ደባል ከሆናችሁ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚከፍለው ተካፈሉት። ደብዳቤን ሳትከፍቱ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱ፣ እኔ ከፍርሃት የተነሳ አድርጌዋለሁ፣ ቅጣት ጨምሮ ነው የተመለሰው።

ቅጣት ካልኩ አይቀር፣ ባቡር። ጣቢያው ላይ በር የለም፣ ቲኬት የሚቆርጥ የለም፣ ዝም ብለሽ ትገቢያለሽ። ወረቀት ቲኬት ከገዛሽ ግን ሳትሳፈሪ ፕላትፎርሙ ላይ ባለችው ሳጥን ማስመታት አለብሽ፣ ካልተመታ እንዳልገዛሽ ነው፣ 60 ዩሮ። እኔ ቲኬቴን ይዤ ነው የተቀጣሁት። አሁን በወር ተከፍሎ መላ አገሪቱን በከተማ ባቡር፣ በአውቶቡስና በቀርፋፋው ባቡር የሚያስኬድ ትኬት አለ፣ ሜይ 2023 በ49 ዩሮ ነው የጀመረው፣ ከዛ ወዲህ ዋጋው ጨምሯል፣ ያም ሆኖ ያዋጣል፣ ብዙ መስሪያ ቤት ደግሞ ከፊሉን ይከፍላል፣ ጠይቁ። እሱ ሲኖራችሁ ከተማዋን እንደ ቀለበት የሚዞረውን ባቡር፣ ሪንግባን የሚሉትን ያዙና አንድ ሰዓት ሙሉ ዙሩ፣ ከተሳፈራችሁበት ቦታ ይመልሳችኋል። እኔ ከተማዋን መውደድ የጀመርኩት እንደዛ መስኮት ስር ተቀምጬ ነው።

ምግብ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ቅቤና ቋንጣ ግን አታምጡ፣ ስጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ውጭ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፣ ይወስዱባችኋል፣ የእናታችሁ ልፋት ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ማየት ደግሞ ያማል። ጤፍ ዱቄት በኤርትራውያንና በሌሎች አፍሪካውያን ሱቆች ይገኛል፣ ሊጡ ግን በብርዱ አይቦካም፣ አራት ቀን ጠብቄ ምንም የለም፣ አሁን ማሞቂያው አጠገብ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው፣ ዓይን ያወጣል። ጾም ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጪ እንደ በርሊን የሚቀል ቦታ ያለ አይመስለኝም፣ ቪጋን የሚል ምልክት ካለበት ለኛ የጾም ነው፣ ምግብ ቤቱም ሱፐርማርኬቱም ሞልቶታል፣ ኬክ ሳይቀር። ገና ጃንዋሪ 7 ላይ ስራ ቀን ሲውል ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱን ስትነግሯቸው ደስ ብሏቸው ነው የሚሰጧችሁ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ። ውሉ ላይ ያለው ደሞዝና እጃችሁ የሚገባው አንድ አይደለም፣ ለላጤ ሰው ከሲሶ በላይ በግብር፣ በጤናና በጡረታ ይሄዳል። የውሉን ቁጥር አገር ቤት አትናገሩ፣ በብር አባዝተው ነው የሚያስቡት፣ ፍርድም የለበትም፣ እኛም እዛ ሆነን እንደዛው ነበርን። በየወሩ የምትልኩትን መጠን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ወስኑና ለቤተሰብ በግልጽ ተናገሩ። እኔ በጠየቁኝ ቁጥር እየላክሁ ማርች ላይ ኪራይ ከባልደረባዬ ተበድሬያለሁ።

ቋንቋው። ቢሮ በእንግሊዝኛ ትኖራላችሁ፣ ደብዳቤው፣ ሐኪም ቤቱ ስልክ ላይ ያለችው ልጅ፣ አሮጊቷ ግን በጀርመንኛ ናቸው። ከመምጣታችሁ በፊት ስድስት ኪሎ ገተ ኢንስቲትዩት ትንሽም ቢሆን ጀምሩ፣ እዚህ ስትደርሱ ፎልክስሆሽሹለ የሚባለው የከተማው የማታ ትምህርት ርካሽ ነው። እኔን በሳምንት ሁለት ማታ ከአልጋ ያወጣኝ እሱ ነው፣ ባልሄድ "የት ጠፋሽ?" የሚለኝ ሰው ስላለ። ደግሞ ለኛ አንድ የሚቀለን ነገር አለ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች "ዚ" እና "ዱ" ላይ ሲደናበሩ እናያለን፣ ለኛ ግን እርስዎና አንቺ ነው፣ ከእናታችን ጉያ ጀምሮ የምናውቀው። ለማን እርስዎ እንደሚባል ሆዳችሁ ያውቀዋል፣ እመኑት።

አሮጊቷ አንድ አመት ከምናምን እኔን በዕድሜ የልጅ ልጃቸውን የማክልን "ዚ" ሲሉኝ ቆዩ፣ ከነአባቴ ስም። ባለፈው ዓመት በሰኔ ግድም፣ ቀኑ በነሱ አቆጣጠር እስከ ማታ 9 ሰዓት ተኩል ብርሃን በሆነበት ጊዜ፣ ድሮ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረውና 2010 ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆነው ቴምፕልሆፍ ሜዳ ላይ ተቀምጠን ቴርሞስ ቡና ስንጠጣ፣ ሲኒያቸውን አስቀመጡና እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ የራሳቸውን ስም ነገሩኝ፣ የቤተሰቡን ሳይሆን የራሳቸውን፣ ከዛሬ ጀምሮ "ዱ" እንባባል አሉኝ። እኔ በአማርኛ አንቺ ልላቸው አልችልም፣ በጀርመንኛ ግን ዱ አልኳቸው፣ ድምጼ እየተንቀጠቀጠ።

የአክስቴ ልጅ በኦክቶበር ነው የምትገባው፣ አርብ ማታ። አከራዩን በጽሁፍ ጠይቄ ለጊዜው አብራኝ እንድትኖር ፈቅዶልኛል፣ የምዝገባ ወረቀቷንም ፈርሜ አስቀምጫለሁ። ዛሬ ጠዋት ከስራ በፊት ወርጄ ስሟን ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ጽፌ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ከኔ ስም ስር ለጠፍኩት። አሮጊቷ ሲወጡ አዩኝና "ማን ናት?" አሉ፣ ነገርኳቸው፣ ቅዳሜ ቡና ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሃልብ ድራይ አልኳቸው።